እፍኝ፣ ፈር፣ ማሽን፦ የዳጉሳ አዘራር ስሌት

ሺህ የዳጉሳ ፍሬ ተቆጥሮ ሚዛን ላይ ቢወጣ ክብደቱ ሁለት ግራም ተኩል ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ኪሎ ዳጉሳ ወደ 400 ሺህ ፍሬ ይይዛል። በመስመሮቹ መካከል 40፣ በተክሎቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር የተተወለት አንድ ሄክታር ማሳ ደግሞ 250 ሺህ ተክል ብቻ ያስተናግዳል። ፍሬው ሁሉ በቅሎ አንዱም ሳይጠፋ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ ለሄክታሩ አንድ ኪሎ የማይሞላ ዘር በበቃ ነበር። አርሶ አደሩ ግን በእጁ ሲበትን ከ20 ኪሎ በላይ ያፈሳል፤ ሠላሳ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ይህን ልዩነት የኋላ ቀርነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ትርፉ ዘር የሚከፈልበት ምክንያት አለው፤ ማሽኑም ማሳው ላይ ሲደርስ የሚገጥመው ይኸው ምክንያት ነው።

ዳጉሳ የተላመደው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ምድር፣ ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው ከፍታ ላይ ነው። በጥንት ዘመን ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገብቷል፤ እዚያ «ራጊ» ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ከዚህ የሚበዛው የሚገኘው በአማራ ክልል ሲሆን ምዕራብ ጎጃም፣ አዊና የጎንደር አካባቢዎች ዋነኞቹ ናቸው። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ፣ ለብቻውም ገንፎ ይሆናል፤ የጎጃም ጠላና አረቄም ያለ እሱ አይታሰብም። ነቀዝ ስለማይደፍረው ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ እህል የሆነውም ለዚህ ነው።

የሚዘራበት ወቅት ጠባብ ነው። በቆሎው ከተዘራ በኋላ፣ ጤፉ ሐምሌ ላይ ከመድረሱ በፊት፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ መሬት መግባት አለበት። ለሦስቱም ሰብሎች የሚደርሱት ያው አንድ ጥማድ በሬና ያው አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ በዳጉሳ ላይ የሚጠፋ እያንዳንዱ ቀን ከበቆሎው ኩትኳቶ ወይም ከጤፉ እርሻ የተቀነሰ ቀን ነው። የአዘራር ዘዴ ሲነጻጸር ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ ማሳው ለብቻው ተነጥሎ ይታያል እንጂ ከባለቤቱ የሥራ ወራት ጋር አይታይም።

የብተናው ሥራ ውጫዊ መልኩ ቀላል ነው። መሬቱ ከመጀመሪያው ግምሳ ጀምሮ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ጓሉ ተከስክሶ ይለሰልሳል። የአገሬው ማረሻ አፈርን አይገለብጥም፤ ሰንጥቆ ወደ ጎንና ጎን ይገፋል። በሁለት ፈሮች መካከል ያልተነካ መሬት ስለሚተው በቀጣዩ ዙር አግድም መታረስ አለበት፤ ድግግሞሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ ዘሪው ዘሩን በቁና ወይም በኩታው ጫፍ ይዞ በእርምጃው ልክ እፍኝ እፍኝ እያለ ይበትናል። የተበተነው በስሱ ታርሶ ወይም ቅርንጫፍ ተጎትቶበት አፈር ይለብሳል። አንድ ጥማድ የሚባለውን ሩብ ሄክታር ለመበተን፣ እጁ አራት ሜትር ስፋት ያዳርሳል ቢባል፣ ዘሪው 600 ሜትር ያህል ቢሄድ ይበቃዋል። ጎበዝ ዘሪ ቡና ሳይፈላ ይጨርሰዋል።

ያ ሁሉ ትርፍ ዘር የት ይገባል? ከፊሉን ወፍና ጉንዳን ይወስዱታል። ከፊሉ ጥልቅ ገብቶ ሳይወጣ ይቀራል፤ የዳጉሳ ፍሬ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጥልቀት ለመውጣት አቅሙ ትንሽ ነው። የቀረው በተለያየ ጥልቀት ተቀምጦ በተለያየ ቀን ይበቅላል። ለመሐንዲስ ይህ ጉድለት ነው። የሰኔ ዝናብ ጀምሮ አንድ ሳምንት ሲጠፋ ላየ ሰው ግን ዋስትና ነው፤ ላይ ላዩን የበቀለው ቢደርቅ ትንሽ ዘልቆ የቆየው በሚቀጥለው ዝናብ ይተካዋል። ሁሉም ፍሬ እኩል ጥልቀት ላይ፣ እኩል ቀን ሲበቅል ግን ሁሉም እኩል ቀን ይደርቃል። የመዝሪያ ማሽን ትልቁ ጸጋ፣ ማለትም ወጥነቱ፣ እርጥበት በማይታመንበት ቦታ ዞሮ አደጋ የሚሆንበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው።

ብተናው ሌላም ብልሃት አለው። ዘሩ በቅሎ ቁመቱ ስንዝር ሲያልፍ በሬዎቹ እንደገና ተጠምደው ቡቃያው መሃል ይገባሉ። ይህ ሽልሻሎ ነው። በማሽላና በበቆሎ የታወቀ ሲሆን ዳጉሳም ይሸለሸላል። ማረሻው ሰፋ ባለ ርቀት ቡቃያውን እየሰነጠቀ ያልፋል፤ የበዛውን ይነቅላል፣ አረሙን ይቀብራል፣ ለተረፈው አፈር ያስታቅፋል፣ በፈሩም ውኃ እንዲያዝ ያደርጋል። ሽልሻሎ ያለፈበት ማሳ ከሩቅ ሲያዩት መስመር መስመር ይመስላል። እንዲያውም ባህላዊው ዘዴ መስመሩን የሚያወጣው በዘር ቀን ሳይሆን ከወር በኋላ ነው ቢባል ስሕተት የለውም፤ የትኛው ቡቃያ እንደበረታ፣ ዝናቡም ምን ዓይነት እንደሆነ ከታየ በኋላ። ዘር መዝራት በባህላዊው አሠራር የአንድ ቀን ድርጊት አይደለም፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የተዘረጋ ተከታታይ እርማት ነው።

እርማቱ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ዘሪው ብቻውን አይደለም። ሽልሻሎ የማይደርስበትን አረም የሚያነሳው እጅ ነው። በአብዛኛው ማሳ ላይ ያ እጅ የሴቶችና የልጆች ነው፤ ሲበዛም ወንፈል ወይም ደቦ ይጠራበታል፣ አቅም ያለው የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። ጎንብሶ በሚያርመው ሰው ላይ የዳጉሳ ተንኮል ይበዛል። ሰብሉ የሳር ወገን ስለሆነ በለጋነቱ ከሳር አረም ለመለየት ያስቸግራል። የገዛ የዱር ዘመዶቹ ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ፤ ቅጠላቸውም አቆማቸውም እሱን ስለሚመስል ዛላ እስኪያወጡ ድረስ አብረውት ተከብረው ያድጋሉ። (ከእነዚህ ዘመዶች አንዱ አክርማ ነው፤ ሰፌድና ሙዳይ የሚሰፋበት። የዳጉሳ ቤተሰብ እህሉንም ማስቀመጫውንም ያቀርባል።) በተበተነ ማሳ ላይ አራሚዋ እያንዳንዱን ግንድ በዓይኗ መርምራ መወሰን አለባት። በመስመር በተዘራ ማሳ ላይ ጥያቄው በአብዛኛው ተመልሷል፤ ከመስመሩ ውጭ የበቀለ ሁሉ አረም ነው።

ስለዚህ ብተና ጉልበት ይቆጥባል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በሰኔ ከወንዱ የቆጠበውን ቀን በሐምሌና በነሐሴ ከሴቷ ያስከፍላል። በመስመር የመዝራት ጥቅምና ጉዳትም በዚሁ ሚዛን ካልታየ አይገባም፤ ምክንያቱም መስመሩ ሸክሙን ወደ ኋላ፣ ወደ ዘር ቀን ይመልሰዋልና።

ሸክሙ ምን ያህል ነው? 40 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁ መስመሮች አንድ ሄክታር ላይ የሚወጣው ፈር ጠቅላላ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ለአንድ ጥማድ ብቻ ከስድስት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ፈሩ ይወጣል፣ ከዚያ ዘርና ማዳበሪያ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ አፈር ይለብሳል፤ ሦስቱም ሥራ በየተራው ከተሠራ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አብዛኛው ተጎንብሶ። በብተና 600 ሜትር የነበረው ማለት ነው። ይህን ስሌት ያላየ ባለሙያ «ለምን ምክሩን አይቀበሉም» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም፤ ያየ ግን መገረሙን ይተዋል።

ኢትዮጵያ ይህን ነገር በሰፊው የሞከረችው በጤፍ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በቀጣዮቹ ዓመታት ከግብርና ቢሮዎች ጋር ሆኖ ጤፍን በመስመር መዝራትን በዘመቻ አስፋፋ። በብተና ከ25 እስከ 50 ኪሎ የሚፈጀው ዘር በመስመር ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ እንዲወርድ ተመከረ። የጤፍ ፍሬ ከዳጉሳ ስምንት እጥፍ ያህል ይቀላል፤ መስመሩም በ20 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠብ ለሄክታር 50 ኪሎ ሜትር ፈር ይጠይቃል። አርሶ አደሮች ፍሬውን እኩል ለማውረድ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በስተው እንደ ጨው መነስነሻ ተጠቀሙበት፤ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ ያኔ ማሳው ላይ የታየው ይህ ነው። ምርት ጨመረ፤ ጭማሪው ግን ከሠርቶ ማሳያው ማሳ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ ሲወርድ ቀነሰ፤ የሚያስፈልገው የሥራ ቀን ደግሞ እጅግ በዛ። በአንድ የሥራ ቀን የሚገኘው እህል ሲሰላ መስመር ከብተና ያነሰበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙዎች ወደ ብተናቸው ተመለሱ። ትምህርቱ ለዳጉሳም ይሠራል፤ መስመር ያለ መሣሪያ ሲሆን ሰውን ራሱን ማሽን ያደርገዋል።

ዳጉሳ ከጤፍ የሚሻልበት አንድ መንገድ አለ፤ ችግኝ ሆኖ መዛወርን ይወዳል። በሕንድ ካርናታካ ችግኙን በመደብ አፍልተው አራት ማዕዘን ርቀት ጠብቀው የሚተክሉ ገበሬዎች አሉ። በኔፓል ኮረብታዎችም የዳጉሳ ችግኝ በቆሎ ሳይታጨድ ከሥሩ ይተከላል። በትግራይ፣ አክሱም አካባቢ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዘላቂ ልማት ተቋም ከአርሶ አደሮች ጋር ይህንኑ ሞክሯል። ዝናብ ሲዘገይ ችግኙ ጓሮ ውስጥ በባልዲ ውኃ እየኖረ ስለሚጠብቅ የወቅቱ ማጠር አያስደነግጠውም፤ እያንዳንዱ ተክልም ቦታ ሲያገኝ አብዝቶ ይጎነቁላል። ጉልበቱ ግን ከመስመርም ይበልጣል። ለጓሮ ማሳና ሰው ለሚበዛበት ቤት ይሆናል፤ ለሰፊ ማሳ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ወደ ማሽኑ መምጣት ይቻላል። የመዝሪያ ማሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትራክተር ነው፤ የመሣሪያው ታሪክ ግን ከሞተር በሁለት ሺህ ዓመት ይቀድማል። ደግሞም በእንግሊዝኛ «ሚሌት» በሚል የወል ስም ከሚጠሩት፣ ዳጉሳን ከመሰሉ ጥቃቅን እህሎች ጋር የተሳሰረ ነው። ደረቁ ሰሜን ቻይና ለዘመናት የኖረው በእነዚህ እህሎች ነው። ባለ ሦስት እግር የዘር ማውረጃውን በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት 90 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ የግብርና ሹም የነበረው ዣኦ ጉኦ እንዳስፋፋው ይነገራል። አንድ በሬ ይጎትተዋል፤ አንድ ሰው ከኋላ እየነቀነቀ ይነዳዋል፤ ዘሩ ከሣጥኑ በሦስት ባዶ እግሮች ወርዶ እግሮቹ በሚያወጡት ፈር ውስጥ ይገባል። ፈር ማውጣትና ዘር ማውረድ አንድ እርምጃ ሆኑ። እንግሊዛዊው ጄትሮ ታል የራሱን መሣሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. 1701 ገደማ ነው። ካርናታካም «ኩሪጌ» የሚባል፣ በበሬ የሚጎተት፣ ከእንጨትና ከቀርከሃ ቱቦ የተሠራ የራሷ መሣሪያ አላት፤ ራጊ የሚዘራበት። ከላይ ባለው ቀዳዳማ ጎድጓዳ እንጨት ውስጥ ሰው በጣቱ ዘር ያንቆረቁራል፤ ማሽኑ መስመሩን ይጠብቃል፣ ልኩን የሚጠብቀው ግን እጅ ነው።

ያ ልክ የማሽኑ ሁሉ ፈተና ነው። ስንዴ በሄክታር 125 ኪሎ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር መስመር ሲዘራ በአንድ ሜትር ፈር ሁለት ግራም ተኩል ይወርዳል። ዳጉሳ በሄክታር አምስት ኪሎ ይዘራ ቢባል በአንድ ሜትር የሚወርደው ከግራም አንድ አምስተኛ ነው። ለስንዴ የተሠራ ጥርሳም ማውረጃ የመጨረሻው ጠባብ ልክ ላይ ተደርጎ እንኳ ከዚህ አብዝቶ ያፈሳል። አንዳንዱ ችግሩን የሚሻገረው ዘሩን ከደረቅ አሸዋ፣ ከአመድ ወይም ከተነፋ አፈር ጋር ቀላቅሎ ነው፤ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ግን ከባዱ ከቀላሉ እየተለየ ይሄድና ማሳው መጀመሪያ ላይ ችምችም፣ መጨረሻ ላይ ሳሳ ይላል። ሌላው ዘሩን በሸክላ ዱቄት ለብጦ ማግዘፍ ነው። በአየር ስበት ፍሬ በፍሬ እያነሣ የሚጥል ማሽንም አለ፤ ትክክለኛነቱ አያጠያይቅም፣ ዋጋውና ጥገናው ግን ለአንድ ጥማድ ባለቤት የሚታሰብ አይደለም። ጥልቀቱም ሌላ ጣጣ ነው። ስንዴ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢገባ ይወጣል፤ ዳጉሳ በሁለት ሴንቲ ሜትር ስሕተት ይቀራል። ጓል ያልተከሰከሰበት፣ ድንጋይ የበዛበት፣ ወይም ዋልካው ውኃ ጠጥቶ ከብረቱ ጋር የሚጣበቅበት ማሳ ላይ ያንን ልክ ጠብቆ መጓዝ ከባድ ነው፤ ቱቦው በጭቃ ሲደፈንም ነጂው የሚያውቀው ብዙ መስመር ባዶውን ካለፈ በኋላ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልበቀለው መስመር ይናገራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለአነስተኛ ማሳ ትንንሽ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮች ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል በተሳተፈበት ፕሮጀክት ተሞክረዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ተፈቅዷል። የቀረጡ መነሣት ትልቁን ትራክተርና ኮምባይነርን ይበልጥ ጠቅሟል። የአርሲንና የባሌን ማሳ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ ስንዴው በኮምባይነር ይታጨዳል፣ መሬቱ ብዙ ቦታ በትራክተር ይታረሳል፣ ዘሩ ግን በአብዛኛው አሁንም በእጅ ይበተናል። ማሽን ወደ እርሻ የሚገባው ከባድና አጣዳፊ ሥራ በኩል ነው። መበተን ከባድ አይደለም፤ ስለዚህ ባለ ማሽኑም ባለ ማሳውም መጀመሪያ ገንዘባቸውን የሚያወጡበት ሥራ አይሆንም። የሚገርመው ነገር ይህ ውሳኔ ትክክል መሆኑ ነው፤ የአረሙ ወጪ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ እስካለ ድረስ።

መዝሪያ ማሽን በአነስተኛ አርሶ አደር እጅ በእርግጥ የሰፋበት ቦታ ለማግኘት ሴኔጋል መሄድ ያስፈልጋል። በአገሪቱ የለውዝ ተፋሰስ እየተባለ በሚጠራው ሜዳ ከ«ሚሌት» ወገን የሆነው ቡልቱግ ዋናው የምግብ እህል ነው። በሌላው የሳህል አካባቢ ቡልቱግ የሚዘራው ረጅም እጀታ ባለው መቆፈሪያ ነው፤ አንዱ በየሜትሩ ጉድጓድ ያወጣል፣ ሌላው ቁንጥር ዘር ጥሎ በእግሩ ይደፍነዋል፤ የአሸዋ ነፋስ ቡቃያውን ከቀበረው እንደገና ይዘራል። ሴኔጋላውያን ግን «ሱፐር ኤኮ» የተባለች፣ አንድ ፈረስ ወይም አህያ የሚጎትታት፣ አንድ መስመር ብቻ የምትዘራ የብረት መሣሪያ ለመዱ። መጀመሪያ ፈረንሳዮች ለለውዝ ያመጧት ነበረች፤ ገበሬዎቹ የማውረጃዋን ዲስክ ለውጠው ለቡልቱግ አደረጓት። ከነፃነት በኋላ በፑት ከተማ በፋብሪካ ተመረተች፤ የሠፈር አንጥረኞችም መለዋወጫዋን ይሠራሉ። ቡልቱጉን ዝናብ ሳይመጣ በደረቁ ይዘሩታል፤ ፈረሱ ፈጣን ስለሆነ አንድ ቤተሰብ ሰፊ ማሳ በጥቂት ቀን ይጨርሳል።

ልብ የሚባለው ግን መሣሪያዋ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው። ከእሷ ጋር በዚያው ፈረስ የሚጎተት የአረም መኮትኮቻም ተሰራጨ፤ መዝሪያዋ ያወጣችው ቀጥ ያለ መስመር መኮትኮቻው በመሃል እንዲያልፍ መንገድ ሆነለት። በዘር ቀን የተገኘው ትርፍ የተሰበሰበው በአረም ወር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመስመር ዘመቻው ሁለተኛውን ግማሽ አላመጣም። 40 ሴንቲ ሜትር የተለካ መስመር ውስጥ ቀንበር የተሸከሙ ሁለት በሬዎች ሲገቡ ከሚያርሙት የሚረግጡት ይበልጣል፤ ስለዚህ መስመር ያወጣው አርሶ አደር ሽልሻሎውን አጥቶ በምትኩ ያገኘው እዚያው የነበረውን የእጅ አረም ነው። መስመሩ ለዓይን ቀላል አድርጎታል፤ መጎንበሱን ግን አላስቀረም።

እንግዲህ የትኛው የት ይሆናል የሚለው በከፊል ይመለሳል። ተዳፋትና ድንጋያማ በሆነ፣ ወይም ጅማሬው በማይታመን ዝናብ ሥር ባለ ማሳ ላይ ብተናና ሽልሻሎ አሁንም የሚያስተማምን ዘዴ ነው፤ እዚያ ሊሻሻል የሚገባው የዘሩ መጠንና እንደ «ታደሰ» ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች አቅርቦት ነው። አቀንጭራ ባለበት መሬት የሥራ ሰው ያለው ቤት ችግኝ ማዛወርን ቢሞክር ያዋጣዋል፤ የጠነከረ ችግኝ ጥገኛውን አረም ከለጋ ቡቃያ ይልቅ ይቋቋማልና። ሜዳ በሆነ፣ ልም አፈር ባለውና ዝናቡ በሚታመን ቦታ፣ ለምሳሌ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ዝቅ ባሉ ሜዳዎች፣ መስመር በመሣሪያ ሲዘራ ትርፉ ግልጽ ነው፤ ማዳበሪያው ከዘሩ ሥር ስለሚወድቅ አረሙን አያደልብም፣ ዘሩም ወደ ሩብ ይወርዳል። አዊ ደግሞ ሴኔጋልን የሚያስታውስ አንድ ነገር አለው። አካባቢው በፈረሱ የታወቀ ነው፤ የፈረሰኞች ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር ላይ ለበዓል ይወጣል፣ ፈረስ የሌለው ገበሬ ቤት እንደ ጎደለ ይቆጠራል። በአንድ ፈረስ የምትጎተት ባለ አንድ መስመር መዝሪያና በዚያው ፈረስ የሚጎተት ጠባብ መኮትኮቻ፣ ከአንድ አንጥረኛ ቤት ጥንድ ሆነው የሚወጡ፣ ከባለ ሁለት ጎማው ትራክተር ቀድመው ሊሞከሩ የሚገባቸው እዚያ ነው።